ሁለተኛው ፊርማ

ወፉ የጽድ ዛፉ ላይ ነበር። ጀርባው አረንጓዴ፣ አናቱ ቀይ ነው፤ ግንዱን በምንቃሩ ይመታል። ግንደ ቆርቁር! ሁለት ዓመት ሙሉ ጽጌረዳና ወንድሟ በዚህ መናፈሻ ድምፁን ብቻ እየሰሙ ሲፈልጉት የኖሩት።

«ስለሺ! ና፣ ቶሎ...» ብላ ጽጌረዳ ዞረች። ከኋላዋ ማንም የለም።

ለካ የለም። ታላቅ ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ስምንት ወር አልፎታል። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ወደ ሰሜን ከተላከ ወዲህ ግን ወሬው ጠፋ። እናቷ ቀበሌ ትመላለሳለች፤ «ጠብቂ» ይሏታል። ጽጌረዳም ትጠብቃለች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ታደርጋለች?

የወፎቹን ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች። አንድ ጊዜ ያላየችውን ጉጉት «አየሁ» ብላ አስመዝግባ ነበር። ስለሺ ሲደርስባት «አንቺ ፋራ፣ በወፍም ታጭበረብሪያለሽ?» ብሎ ከሳቀባት በኋላ ሕግ አወጣ፤ ሁለቱም አይተው ካልፈረሙ ወፍ አይቆጠርም። እስካሁን ሃያ ሁለት ወፎች፣ አርባ አራት ፊርማዎች አሉ።

የመናፈሻው ዘበኛ አቶ ቶለሳ ቀስ ብለው አጠገቧ ቆሙ።

«አየሽው?» አሉ በሹክሹክታ።

«አየሁት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ጻፊው እንጂ።»

«ብቻዬን አይሆንም። ስለሺም አይቶ መፈረም አለበት።»

አቶ ቶለሳ ደብተሩን አዩት። ስለሺን ያውቁታል፤ ዛፍ ላይ ሲወጣ ስንቴ አባረውታል።

«እኔም እኮ አይቼዋለሁ» አሉ። «አምጪ፣ እኔ ልፈርምልሽ። ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ስሜን አሳምሬ ነው የምጽፈው።»

ጽጌረዳ እስክሪብቶውን ልትሰጣቸው እጇን ዘረጋች። ወዲያው ግን ፈራች። እሳቸው ከፈረሙ ሃያ ሦስተኛው ወፍ ያለ ስለሺ ይቆጠራል፤ ሃያ አራተኛውም እንደዚያው። እጇን መለሰች።

ወፉ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ጫካ በረረ። ሁለቱም እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ልታስቆመው አትችልም።

ሣሩ ላይ ተቀምጣ «23. ግንደ ቆርቁር» ብላ ጻፈች። ቀኑን ጨመረች፤ ፈረመች። ከፊርማዋ ጎን አንድ መስመር አሰመረች።

«እዚህ ጋ ነው የምፈርመው?» አሉ አቶ ቶለሳ ጎንበስ ብለው።

ጽጌረዳ ባዶውን ቦታ በመዳፏ ሸፈነችው።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች። «ሰው አለው።»