የአቶ ቸሩ የቃላት ጣሳ

«ለመተማ ዮሐንስ ሰፊ ሕዝብ በሙሉ! ንብረትነቱ የቀበሌያችን የሆነ አንድ ጠርሙስ ሙጫ ዛሬ ማለዳ ከጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተሰውሯል። የወሰደ አብዮታዊ እርምጃ ሳይወሰድበት እንዲመልስ፣ ያየ እንዲጠቁም፣ ያላየም ነቅቶ እንዲጠብቅ በጥብቅ እናሳስባለን!»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ይህን በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ለፈፈ። አራተኛውን ሲጀምር ከጉምሩኩ ጀርባ፣ ከአቶ ቸሩ ቤት እሪታ ተሰማና አብዮቱ ሙጫውን ለጊዜው ረሳው።

መርማሪው መቶ አለቃ ውባንተ ከሸሕዲ ሲደርስ የአቶ ቸሩ ሬሳ ገና አልጋው ላይ ነበር። ውባንተ እንደ ልማዱ ሬሳውን ትቶ ቤቱን ማየት ጀመረ። የሚታይም ነበረው። ሟቹ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ፤ በአምሳ ስምንት ዓመታቸው ያለ አስተማሪ ዓረብኛ ይማሩ ነበር። ፋኖሱም፣ በርጩማውም፣ የበሩ መቀርቀሪያም ሳይቀር በዓረብኛ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከአልጋው ሥር የቆመው የሰሊጥ ተባይ መድኃኒት ጠርሙስም የራሱ ወረቀት አለው። ግማሹ ተጠጥቷል።

«ምን ይላል?» ሲል የቀበሌውን ጸሐፊ ማሩን ጠየቀው። ማሩ ገዳሪፍ ያደገ ነውና በሰፈሩ የዓረብኛ ጽሑፍ የሚያነብ እሱ ብቻ ነበር።

«‹ውሃ› ይላል፣ ጓድ መቶ አለቃ። ተሳስተው ነው የጠጡት። ትምህርታቸው በላቸው።»

«ስሕተት ብሎ ነገር የለም!» አለ ጓድ ደምለው። «መድኃኒቱን እዚህ ቤት ያስገባው ይኼ ነው!» ጣቱን የቀሰረው ለአረም ከጎጃም ወርዶ ግቢው ውስጥ ተጠግቶ በሚኖረው በያረጋል ላይ ነበር።

«ኧረ ጌቶች! ተባይ የምረጭበት ነው» አለ ያረጋል። «ወረቀቱንስ በየት አውቄው? እኔ እንኳን ዓረብኛ፣ አማርኛውንም በመሠረተ ትምህርት ገና ‹ለ› ላይ ነኝ።»

የሟች ሚስት እትዬ ጥሩአየሁ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብለዋል። ውባንተ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «ቄሱ ቁርጡን ሳልሰማ አልፈታም ብለዋል። ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው የሚቀበር አሉ። ምን ብዬ ልላክባቸው?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እትዬ። ለመሆኑ ትምህርቱን እንዴት ነበር የሚማሩት?»

«እንዴት አልኸኝ? እንደ እብድ ነዋ!» በእንባቸው መሐል ፈገግታ ብልጭ አለ። «ጧት የሱዳንን ራዲዮ ከፍቶ፣ ገባው አልገባው፣ እየተከተለ ይለፈልፋል። ከዚያ ጉምሩክ በር ይቆምና ከየሱዳኑ ሾፌር አንድ አንድ ቃል ይለምናል። ‹ሾፌር ችኩል ነው፣ ሁለት ከጠየቅሁት ይሰድበኛል› ይላል። ያገኘውን ጽፎ በማሽላ ሊጥ ይለጥፋል። በቃሉ የያዘው ዕለት ልጦ ጣሳ ውስጥ ይከተዋል። ‹የያዝሁት ቃል ግድግዳ አይሻም› ነው የሚል።»

«በዚህ ዕድሜ ምን አተጋቸው?»

«ልጃችን ፈንቴ ገዳሪፍ ኮብልሎ አግብቷል። እሱ ፊደል ስላልቆጠረ ሚስቱ በዓረብኛ ትጽፍለታለች፤ ማሩ ያነብልናል። የልጅ ልጃችን ‹አያቴ መቼ መጥቶ ያወራኛል?› ትላለች ብሎ አነበበልን። እሷ ታዲያ አማርኛ የላት። ከዚያ ወዲህ ዕረፍትም አልነበረው።»

ውባንተ ጣሳውን ዘርግፎ አየ። ከጠርሙሱ ላይ ወረቀቱን በጥፍሩ ፈልቅቆ አሸተተው። ከትራሱ ሥር ያገኘውንም የሟቹን ደብተር ከኋላ ገልጦ ብዙ ቆየበት።

«ያረጋል፣ ትናንት አባወራው የት ዋሉ?»

«ጉምሩክ በር ነዋ። ከአምስት ሾፌር አምስት ቃል ለመኑ። ሁልጊዜ መርቀው ነበር የሚለዩ። ትናንት ግን አምስተኛውን ሳይመርቁት ሄዱ።»

ከቀትር በኋላ ውባንተ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። ሁለት ጎረቤት ሴቶች እትዬ ጥሩአየሁን ከግራ ከቀኝ ይዘው እንዲቀመጡ አደረገ። ለምን እንደሆነ ያኔ የገባው የለም።

«አቶ ቸሩ የያዙትን ቃል ይልጣሉ» ብሎ ጀመረ። «ውሃን የያዙት ድሮ ነው፤ እንስራው ላይ የተላጠበት የሊጥ ጠባሳ አለ። እንግዲያ ይህ ወረቀት ከጣሳው ወጥቶ ነው እዚህ የተለጠፈው። ጀርባው ላይ የደረቀ ሊጥ አለ፤ ከሊጡ በላይ ደግሞ ያልደረቀ የቢሮ ሙጫ።»

«ሙጫዬ!» ብሎ ጓድ ደምለው ብድግ አለ። ማንም አልሳቀም።

«ከጠርሙሱ አፍ የወረደው ጠብታ ከወረቀቱ ሥር ነው ያለው። የተለጠፈው መድኃኒቱ ከተጠጣ በኋላ ነው ማለት ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ከገደለ በኋላ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ለጣፊው ገዳይ አይደለም። ያረጋል ከመቶ ወረቀት መሐል ውሃን መርጦ አያወጣም፤ እትዬም ፊደል አልቆጠሩም። ዓረብኛ የሚያነብ፣ የቀበሌውም ሙጫ እጁ ላይ ያለ አንድ ሰው ነው።»

ማሩ አንገቱን ደፋ።

ውባንተ ደብተሩን ገለጠ። ድምፁ ዝቅ አለ። «የመጨረሻው ገጽ ላይ እዚሁ ውስጥ ከተገኘው የገዳሪፍ ደብዳቤ የተገለበጡ አምስት ቃላት አሉ፤ ከነፍቻቸው። ‹ባሌ›። ‹ሞተ›። ‹ሁለት ዓመት›። ‹መቃብሩ›። ‹ለምን ዝም አላችሁ›። አምስት ሾፌር ተከፋፍሎ ነገራቸው። አንዱም መርዶ ማርዳቱን አላወቀም።»

እትዬ ጥሩአየሁ መጀመሪያ አልጮኹም። «ፈንቴ?» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ... ለሙት ነው ሰላምታ የምልክ የነበር?» ሴቶቹ አጥብቀው ያዟቸው።

«መርዶ በደብዳቤ አይነበብም፣ እትዬ» አለ ማሩ መሬት መሬት እያየ። «ሽማግሌ ሰብስቤ በማለዳ ላረዳዎ አስቤ ነበር። ለኮበለለ ሰው ልቅሶ የተቀመጠ ይታሰራል ተብሎ በማጉያ ተነገረ። ማን ይምጣልኝ? ዝም አልሁ። ሌላ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ አቶ ቸሩ ዐይን ዐይኔን አዩኝ፤ ስለ ልጅቱ ፈጠርሁ። ያን ጊዜ ነው መማር የጀመሩ። ትናንት ሰላም ስላቸው አይተውኝ አለፉ። ዛሬ ማለዳ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስመጣ እርስዎ ኪዳን ሄደዋል፤ እሳቸው ቀዝቅዘዋል። ከአጥር ውጭ እንዳይቀበሩ ብዬ... ሌላ የማደርግላቸው አልነበረኝም።»

ጓድ ደምለው ተመልሶ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ቄሱ ጥላቸውን አጥፈው በአጥሩ በር ገቡ። «ልጄ፣ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ቆፋሪዎቹ ዶማ ይዘው ቆመዋል። ከውስጥ ነው ከውጭ?»

እትዬ ጥሩአየሁ ቀና ብለው ውባንተን አዩት። ውባንተ የምርመራ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሁለት መስመር ጻፈ፤ ፈረመበትም።

«በስሕተት ጠጥተው ነው፣ አባ። ከውስጥ ይቆፈር።»

ቄሱ አማትበው ወጡ። ጓድ ደምለው ወደ መርማሪው ጆሮ ጠጋ አለ። «አሁን በጆሯችን የነገርኸን ሌላ፣ የጻፍኸው ሌላ! ምን ማለት ነው ይኼ? ለበላይ አካል ማብራሪያ ያስፈልጋል።»

«አላብራራም» አለ ውባንተ።