አሶሳ ላይ ያልቆመው ባቡር

መጀመሪያ ይህን ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰዎች ስለ ጂኒ፣ ስለ ጥላ፣ በህልም ስለመጣ ሟች ሲያወሩ ተነስቼ የምወጣ፣ ካልወጣሁም የምስቅ ነኝ፣ ጸሎት ቤት ያሳደገችኝ እማዬ እንኳን «ይቺ ልጅ እንደ ቶማስ ጣቷን ካልከተተች አታምንም» ትላለች። እሺ፣ ጣቴን ከትቻለሁ። የማወራው ያየሁትን ነው፣ ያላየሁትን ደግሞ ማን እንዳየው እነግራችኋለሁ።

አትሳቁ እንጂ ነገሩ የባቡር ነው። አዎ፣ እዚህ አሶሳ። እኔም ወንድሜም ባቡር በዓይናችን አይተን አናውቅም፣ ግን ወንድሜ ቶለሳ ከአንድ ጓደኛው በፍላሽ የባቡር መንዳት ጌም አምጥቶ አሮጌው ላፕቶፑ ላይ ከጫነው ጀምሮ ሁለታችንም አበድን። ሌላው ሰው ጌም ሲል መተኮስ ነው፣ እኛ አርባ ፉርጎ ጭነት ጎትተን አቀበት እንወጣለን፣ ቀይ መብራት ሲበራ እንቆማለን፣ ሁለት ደቂቃ ከዘገየን እንጣላለን። «አንቺ ፍሬን የምትይዢው ባጃጅ መስሎሽ ነው» ይለኛል፣ እኔም «አንተስ ሁሌ ጣቢያውን አልፈህ የምትቆመው፣ ተሳፋሪው በእግሩ ይከተልህ?» እለዋለሁ። ደስ ይል ነበር፣ እመኑኝ፣ ከቤት ሳይወጡ አገር ማቋረጥ ነው።

ጌሙ አልበቃው ሲል ቀርከሃ መሰንጠቅ ጀመረ። እዚህ ከቀርከሃ አልጋም ወንበርም አጥርም ይሠራል፣ እሱ ሐዲድ ሠራ። ሦስት ሜትር ጣውላ በክፍላችን ግድግዳ ጥግ ጠረጴዛ በሚያህል ከፍታ አጋደመ፣ ሐዲዱን በላዩ ዘረጋ፣ ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ሞተር አወጣና የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል ባቡር ሠራ፣ ጎማው የጠርሙስ ቆርኪ፣ የሚሄደው በሁለት የባትሪ ድንጋይ። ጣቢያዎቹን በእስክሪብቶ ጻፈ፣ በግራ ጫፍ ኩርሙክ፣ ከዚያ ሆሞሻ፣ ከዚያ አሶሳ፣ በቀኝ ጫፍ ባምባሲ። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፣ ባቡር በእጅ አይገፋም። «በእጅ ከተገፋ አሻንጉሊት ነው» ይላል፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሰውዬ፣ ኮስተር ብሎ።

ባለፈው ታኅሣሥ በኩርሙክ በኩል ወርቅ ቁፋሮ ሄደ። ሲወጣ ባቡሩን ኩርሙክ ላይ አቆመና «እኔ እዚህ ነኝ በሉ፣ ስመጣ ራሴ አመጣዋለሁ» አለ፣ እማዬ አባባሉን አልወደደችውም። አምስት ወር ደወለ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ጉድጓድ ተደረመሰ የሚል ወሬ መጣ፣ ቀጥሎ የለም ሌላ ቦታ ነው ተባለ፣ አብረውት ከሄዱት አንዱ ወደ ሱዳን ተሻግሯል አለ፣ ሌላው አላየሁትም አለ። ሦስት ወር እንዲህ ኖርን፣ ማልቀስ እንዳለብን እንኳ ሳናውቅ።

ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ገደማ፣ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የጭነት ባቡር እየነዳሁ ነበር፣ ጎማው በሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ያንን ድምፅ እወደዋለሁ። ሽንት ቤት ልሄድ ብዬ ጌሙን አቆምኩት። ጠቅ ጠቁ አልቆመም። ላፕቶፑ ተጣብቆ ነው ብዬ ማዳመጫውን አወለቅኩ፣ አሁንም ጠቅ ጠቅ፣ ቀስ ብሎ፣ ከኋላዬ። ዞርኩ። ዝም አለ። የቶለሳ ባቡር ሆሞሻ ላይ ቆሟል።

ጠዋት ኩርሙክ ነበር። አልጮህኩም፣ የምጮህ ሰው አይደለሁም፣ ቀርቤ አየሁት። የድንጋይ ማስቀመጫው ባዶ ነው፣ ሁለቱን ድንጋዮች ከወራት በፊት አውጥቼ የእማዬ የእጅ ባትሪ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ቀርከሃውን የበላው ነቀዝ ያራገፈው ቢጫ ዱቄት ሐዲዱን ሞልቶታል፣ ከኩርሙክ እስከ ሆሞሻ ግን በጎማው ልክ ተጠርጓል። አይጥ ነው አልኩ። ጣውላው አጋድሎ ተንሸራቶ ነው አልኩ፣ እስክሪብቶ አስቀምጬ ለቀቅኩት፣ ወደ ኩርሙክ ተንከባለለ። ገባችሁ? ባቡሩ ቁልቁል አልተንሸራተተም፣ አቀበት ነው የወጣው።

እማዬን ነክተሽው ነው ወይ አልኳት። «የእናንተን ቆርኪ ምን ልሠራበት?» አለች። መጥታ ስታየው ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ሆሞሻ ደረሰ?» አለች፣ የምትጠይቀው ስለ ባቡር አልነበረም።

ዓርብ አፍጥጬ ጠበቅኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ጌሙን ከፍቼ ጀርባዬን ስሰጠው ጠቅ ጠቅ። ስዞር ዝም። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። አመሻሽ ላይ አሶሳ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀረው።

ቅዳሜ እማዬ የቶለሳን ብርድ ልብስ አጠበች፣ በዚያ ዝናብ፣ ዶሮም አሳረደች። ጎረቤታችን እቴ ሃዋ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ሌንሳ፣ እናንተ ቤት ሠርግ አለ? ዶሮ ታርዷል፣ ብርድ ልብስ ታጥቧል፣ እኔ አልተጠራሁም።»

«እንግዳ ይመጣል ብላ ነው» አልኳት።

«ማን?»

የተሰጣውን ብርድ ልብስ አየሁ። ሳቋን ዋጠችው። «ቶለሳ? ወላሂ? ደውሏል?»

«አልደወለም።»

«እና በምን አወቃችሁ?»

ከአጥሩ ዞር አልኩና መናኸሪያ ሄድኩ፣ የማላምነዋ እኔ፣ ጃንጥላ እንኳ ሳልይዝ፣ ከኩርሙክ መኪና በገባ ቁጥር የሰዉን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። አንዱ ሾፌር «እህት፣ ዕቃ ነው ሰው የምትጠብቂው?» አለኝ። «ሰው» አልኩት። «በይ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል፣ የመጨረሻው ይሄ ነው» አለኝ።

ቤት ስገባ እማዬ ከጣውላው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ወጡ አርሮ ይሸታል። ባቡሩ አሶሳን አልፏል። በአሶሳና በባምባሲ መካከል ነው የቆመው።

«አልቆመም» አለች።

«ሲሄድ አየሽው?»

«ዓይኔ እያየ ነው ያለፈው። ያ ቶለሳ፣ አንተ ቶለሳ ብዬ ጠራሁት። ቀስ አለ። ቀስ አለና ሄደ።»

«እሱ ሁሌም ጣቢያውን አልፎ ነው የሚቆመው፣ እማዬ» አልኳት። እጄን ዘርግቼ ወደ አሶሳ ልመልሰው ስል አንጓዬን ያዘችኝ፣ እንደዚያ ጠንክራ ይዛኝ አታውቅም። «ተይው። አይወድም።»

እሑድ ባምባሲ ደረሰ። ከባምባሲ በኋላ ጣውላው ያልቃል፣ ከዚያ በታች ሲሚንቶ ነው። እማዬ ከጸሎት ቤት ተመልሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ከብብቷ ሳታወጣ፣ ጫፉን ብዙ ጊዜ አየችው። «ሌንሳ፣ ሐዲዱ ሲያልቅስ?» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ገበያ ሄጄ ቀርከሃ ገዛሁ። ጣቴን እየቆረጠኝ ሰነጠቅኩት፣ ጠረጴዛ አስጠግቼ ቀጠልኩለትና መንዲ ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞ መንዲ ነበር። ሳጥን አስጠግቼ ነጆ ብዬ ጻፍኩ፣ ነጆ አክስት አለችን፣ ደወልኩላት፣ ያየው የለም። ረቡዕ ባቡሩ ነጆ ሲደርስ ለምን ወደ ፊት ብቻ አልኩ። ቀርከሃ እሳት ላይ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ አጎበጥኩት፣ ከነጆ ቀጥሎ ክፍሉን ዞሮ ወደ አሶሳ የሚመልስ ኩርባ ሠራሁ። በእጄ አልገፋሁትም፣ ሕጉን አልጣስኩም፣ መንገዱን ብቻ ነው ያጠፍኩት።

ባቡሩ ኩርባው መጀመሪያ ላይ መጥቶ ቆመ። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው፣ የጌሙን ድምፅ አጥፍቼ እነዳለሁ፣ ጣቢያ ላይ እቆማለሁ፣ በር ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ከኋላዬ ምንም የለም። «እያሰበ ነው» ትላለች እማዬ። የማስበውን አልነግራትም፣ ሰው መንገዱን ይዞ እየሄደ ሳለ እኔ አሰናክዬው ቢሆንስ? ኩርባውን አፍርሼ ላቅናው እላለሁ፣ ካቀናሁት ግን ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ከነጆ ወዲያ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

እማዬ ከቆመ ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚነካ፣ መዳፏን ባቡሩ ጀርባ ላይ ታሳርፍና «ይሞቃል» ትላለች፣ እኔም አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ያንን ከሰማሁ በኋላ ነው የምነሳው። ዛሬ ጠዋት መዳፏን አሳረፈች፣ ከሌላው ቀን በላይ ቆየች፣ ከዚያ እጇን አንስታ «ይሞቃል» ሳትል ወጣች።

እኔ እስካሁን አልነካሁትም።