ፕሪሚየም የማያስጨምር ሞት

እትዬ ሞሚና መስገጃቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ጊዜው የ2022 ረመዳን ነው፤ ቦታው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ከዎርዝንግተን ወጣ ብሎ ያለው የሚሠሩበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ። ጫማቸው በሥርዓት ወልቆ አጠገባቸው ተቀምጧል። ማጅራታቸው ላይ ያለውን ቁስል «ሲወድቁ የሲሚንቶው ወለል መታቸው» ተባለ። «እንዲህ ያለውን አሟሟት ለእኛም ይስጠን» ያላለ ሐበሻ አልነበረም። ጉድ እኮ ነው! ያማረ ሞት ማን ይመረምራል?

ሰምሀል ትመረምራለች። የስቴቱ የሠራተኞች ጉዳት ኢንሹራንስ መርማሪ ናት፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ዓይኗ አያርፍም። በእጇ ያለው ፎርም «ሞቱ ከሥራ ጋር አይገናኝም» ይላል፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ነው። ከፈረመች የሟች አንድያ ልጅ ኑራ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ፣ ቤሳቤስቲን አታገኝም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሰምሀል ብዕሯን አውጥታ ነበር።

መጀመሪያ የዌርሃውሱን ባለቤት ፍሥሐን አነጋገረች።

«ልቤ ተሰብሯል። ግን እዚያ አልነበርኩም፤ ስቴት ሀውስ፣ ሕግ አውጪዎቹ ፊት እየመሰከርኩ ነበር።»

«ስለ ምን ጋሼ ፍሥሐ?»

«ስለ አዲሱ ረቂቅ ሕግ። ዓመታት ያለ አደጋ የቆየ አሠሪ ለኢንሹራንስ የሚከፍለው ፕሪሚየም ይቀነስለት ነው የሚለው። እኔ ዘንድ በአምስት ዓመት አንድ ሰው አልተጎዳም ብዬ መሰከርኩ። ቪዲዮ አለ፤ ቼክ አድርጊ።»

ቼክ አደረገች። በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 1:30 እስከ 2:05 ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጧል። ሰውዬው አልዋሸም።

የዕቃ ማንሻው፣ የፎርክሊፍቱ ነጂ ካሳሁን ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ዴሊቨሪ አድርሼ 1:45 ላይ ተመለስኩ። የቢሮዋ አፀደ በሩ ላይ ቆማ "እየሰገዱ ናቸው፤ እንዳትረብሻቸው" አለችኝ።»

«ሲሰግዱ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«በየቀኑ ነዋ! የሚያነጥፉበትን ቦታ የምጠርገው እኔ ነኝ።»

አፀደ የፍሥሐ እህት ናት፤ ፊት ለፊት ያለውን ቢሮ የምትይዘው እሷ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«እህቴ ማለት ነበሩ» አለች። «ከመደርደሪያው ጀርባ ስለሆነ የሚሰግዱት ሄጄ አይቼ አላውቅም። ግን ደሴ፣ መስጊድ አጥር ሥር ነው ያደግሁት፤ ሶላት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው ያልረበሽኳቸው።»

ማታውን ሰምሀል ዌስተርቪል ወዳለው የኑራ ቤት ሄደች። ፖሊስ ያነሳውን ፎቶ አሳየቻት። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ አተኩራ አየችው።

«ዌይት። ይሄ ሮንግ ነው። ማሚ እንደዚህ አታነጥፍም።»

ብዕሩ ተመልሶ ቦርሳ ገባ።

በማግሥቱ ሰምሀል ሁሉንም በሠራተኞች ምሳ ክፍል ሰበሰበች። ኑራም መጣች፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ትናንት የመደርደሪያውን እግር አየሁ» ብላ ጀመረች። «ተጣሟል፤ ላዩ ላይ የፎርክሊፍት ቀለም አለ። ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ደግሞ ብቻውን ታጥቧል። ካሳሁን?»

ካሳሁን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ከወር በፊት ገጨሁት። ለጋሼ ፍሥሐ ነገርኩት። "ሕጉ እስኪያልፍ ሪፖርት የሚባል ነገር አልሰማም" አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። እንጀራዬ ነዋ!»

ፍሥሐ ላብ አጠመቀው።

«ስለዚህ ካርቶን ወረደባቸው» አለች ሰምሀል። «ወደ መስገጃው የወሰዳቸው ማነው? ጋሼ ፍሥሐ ስቴት ሀውስ ነበሩ። ካሳሁን ቢሆን ኖሮ በትክክል ያነጥፈው ነበር፤ በየቀኑ አይቷል። መስገጃው የተነጠፈው ወደ ሰሜን ነው። ደሴ ላይ ቢሆን ልክ ነው፤ መካ ከዚያ በስተሰሜን ናት። ከኮሎምበስ ግን የሚሰገደው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ይህን ስህተት የሚሠራው አገር ቤት መስጊድ አጠገብ አድጎ፣ እዚህ ሲሰገድ ያላየ ክርስቲያን ነው።»

የሁሉም ዓይን አፀደ ላይ አረፈ።

«አንድ ነገር ይቀራል፣ እትዬ አፀደ። ፎቶው ላይ አጠገባቸው የተከፈተ የውሃ ጠርሙስ አለ፤ ሻሻቸው ከአገጫቸው በታች ረጥቧል። ጾመኛ ውሃ ይዞ አይሰግድም። ለሞተ ሰው ደግሞ ውሃ አይሰጥም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አምቡላንስ ለመጥራት 911 የደወሉት 2:07 ላይ ነው። ወንድምዎ መስክረው በጨረሱ በሁለተኛው ደቂቃ።»

«የሞቱ መስሎኝ ነበር!» አፀደ ጮኸች። «ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት! ጠዋት ፍሥሐ "ዛሬ አንድ ነገር ቢደርስ ተዋርጄ ቀረሁ" ብሎኝ ወጣ። በሶላት ላይ ቢገኙ ለስማቸውም ያምራል፣ ለልጃቸውም ይቀላታል ብዬ... መስገጃው ላይ ሳሳርፋቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ደንግጬ ውሃ አፋቸው ላይ አደረግሁ። ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን አዞሩብኝ። "ጾመኛ ነኝ፣ አፀደ" አሉኝ።»

ካሳሁን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ፍሥሐ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ከጠዋት ጀምሮ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ይገባለት ነበር፤ ረቂቅ ሕጉ የመሰከረበትን ኮሚቴ አልፏል።

ሰምሀል ፎርሙን ቀደደችና አዲስ አወጣች። «ሞቱ በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ» ብላ ሞላች። ፈረመችበትም።

ኑራ ተነስታ አፀደ ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«ስለ እኔስ? ስለ እኔ ምን አለች?»

አፀደ ቀና ብላ አላየቻትም።

«አላውቅም ልጄ። አልጠየቅኋቸውም። ሰዓት እያየሁ ነበር።»