የልብስ ማጠቢያው ቱቦ

መምህርት ኤኔይዳ የዩሚላ ቃሪያ ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ቅጠሉን አሸተቱ፣ ፍሬዎቹን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ ገጹን ገልብጠው ደግሞ ጻፉ። ኦዳሊስ ከጎን ቆማ መስመሮቹን ቆጠረች። ዘጠኝ ናቸው። የእሷ ቃሪያ የተተከለባቸው ሦስት የዘይት ቆርቆሮዎች የደረሳቸው «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ብቻ ነበር፤ እሱም አልተጻፈም።

መምህርቷ በሃቫና ጣሪያዎች ላይ እንዲህ ያለ ቃሪያ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። የሚመጣው ረቡዕ ተመልሰው ከክፍሉ ተክሉ የበለጠለትን አንድ ተማሪ ይመርጣሉ። የተመረጠው ሐምሌ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ባሕር ዳርቻ፣ የተማሪዎች ካምፕ ውስጥ ይሰነብታል።

ዩሚላ ፀጉሯን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ «እጄ ለም ነው መሰለኝ» አለች።

እጇ ለም ነው አሉ! የኦዳሊስ አንጀት አረረ። ዘሩን የሰጣት ማን ሆነና? ዩሚላ እኮ አምና ቃሪያን ከአረም የማትለይ ልጅ ነበረች። ሁለቱ የሚኖሩበት ሕንፃ ጣሪያ ኮንክሪት ነው፣ አንድ እፍኝ አፈር የለውም። አፈሩን በባልዲ አራት ፎቅ ያወጡት አብረው ነው፤ የሙዝ ልጣጭና የእንቁላል ቅርፊት እንዴት እንደሚቀላቀልበት ያሳየቻት ግን ኦዳሊስ ናት። «ዕቃው ከታች የውሃ መውጫ ከሌለው ሥሩ ታፍኖ ይሞታል» ያለቻትም እሷው ናት። ምን ያደርጋል፣ የኦዳሊስ እጅ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።

ልዩነቱ የዕቃው ነበር። ኦዳሊስ ያላት የዘይት ቆርቆሮ ነው። የእነዩሚላ አሮጌ የሩሲያ ልብስ ማጠቢያ ግን ሲበላሽ ሞተሩ ለቬንትሌተር ዋለ፣ ገንዳው ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቃሪያ ቤት ሆነ። ጥልቅ ስለሆነ ሥር እንደ ልቡ ይሄድበታል። ከግርጌው የሚወጣ የጎማ ቱቦም አለው። ልብስ ሲታጠብበት ቱቦውን ጠርዙ ላይ ካለው መንጠቆ ይሰቅሉታል፣ ውሃው ይቆያል፤ ሲጨርሱ ያወርዱታል፣ ውሃው ይወጣል። በዚያ ሰፈር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ዩሚላ ቃሪያውን ስትተክል ቱቦውን ወደ ታች ስለለቀቀችው ትርፉ ውሃ ሁሌም በዚያ ይወርድ ነበር።

የዚያን ዕለት ራት ላይ የኦዳሊስ እናት ጥቁር ባቄላውን ስታወጣ ቤቱ በቃሪያ ሽታ ታወደ። ዩሚላ አንድ እፍኝ ሙሉ አምጥታ እንደሰጠቻቸው እያመሰገነች ነገረቻት፤ «እንደሷ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል» አለችም። ኦዳሊስ ሳህኗን ገፋች። ቆርቆሮዎቼን ላጠጣ ብላ ተነሣች።

ልታጠጣ ነበር የወጣችው፣ ይህን ራሷም አምናለች። ነገር ግን እጇ ቀድሞ የሄደው ወደ ቱቦው ነበር። አነሣችና ቅጠሉ የሸፈነው መንጠቆ ላይ ሰቀለችው። ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለች ለራሷ። ቅናት መቼም ሲጀምር ቀጠሮው አጭር ነው።

ሐሙስ ዝናብና ነፋስ ተቀላቅሎ ወረደ። ዓርብ የቧንቧ ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር ዩሚላ እንደገና አጠጣች። ቅዳሜ ኦዳሊስ ቱቦውን ልታወርድ ወጣች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ዩሚላ ልብስ ለምታሰጣ ጎረቤት ሐምሌን ባሕር ዳርቻ እንደምታሳልፍ ስታወራ ደረሰች። ገና ሳትመረጥ! ኦዳሊስ ቱቦውን ሳትነካ ተመልሳ ወረደች።

ሰኞ ቅጠሉ ዝልፍልፍ አለ። ውሃ የጠማው ተክልና ውሃ ያፈነው ተክል ሲጠወልጉ አይለዩም። ስለዚህ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ኦዳሊስ ጣሪያው ላይ ስትደርስ ዩሚላ ከፎቅ ፎቅ ያንጠለጠለችውን ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ላቡና እንባው ተደባልቋል።

«ከትናንት ጀምሮ ስድስተኛዬ ነው» አለች። «የመታጠቢያችንን ውሃ ነው የማመላልሰው፣ እማዬ ካወቀች አለቀልኝ። ጠምቶት ነው አይደል? ንገሪኝ በናትሽ። እኔ እኮ ዝም ብዬ አፌን ነው የምከፍተው፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ኦዳሊስ ደስ አላት። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፣ አይካድም። ነገ መምህርቷ ይመጣሉ፣ ይህን ጥውልግ ነገር ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ዘይት ቆርቆሮዎቹ ይዞራሉ። ይህን ስንት ቀን ስትመኘው ነበር። ዩሚላ ግን ባልዲውን ልትደፋው አነሣችው፤ መዳፏ በባልዲው ሽቦ ተልጧል።

«አታጠጪው» አለች ኦዳሊስ። ጎንበስ ብላ ቱቦውን ከመንጠቆው አወረደችው።

ጥቁር ውሃ ተንዶለዶለ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ኮንክሪቱ ላይ ተንጣሎ የሁለቱንም ጫማ አረሰ፣ ቶሎም አላቆመም።

«ማን ሰቀለው?» አለች ዩሚላ። ወዲያው መልሱን ራሷ ሰጠች፦ «የሐሙሱ ነፋስ ይሆናላ። የጎረቤቶቻችንን አንሶላ እንኳ መንገድ ድረስ ወስዶት የለ።»

ሰበብ ሳይለመን መጣ። «ይሆናል» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ጓደኝነቱም ይተርፋል፣ ምናልባት ካምፑም። ኦዳሊስ ቀና አለች።

«ነፋስ ቱቦ መንጠቆ ላይ አይሰቅልም» አለች።

ዩሚላ መንጠቆውን አየች፤ ቀጥላ እሷን አየች። ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። የደረጃው በር ሦስት እርምጃ ነው፤ የኦዳሊስም እግር ወደዚያ ይስባት ነበር። አልሄደችም። ውሃው በካልሲዋ እየሰረገ፣ ዩሚላ የምትላትን ልትሰማ እዚያው ቆመች።