ዘንዶ ያለበት ቤት መርዝ አይገባም

ሽማግሌው ኦታሲሊዮ በካካዎ መጋዘናቸው ውስጥ፣ ከከረጢቶቹ ጀርባ፣ አረፋ ደፍቀው ሞተው ተገኙ። እጃቸው ላይ የተገመጠ የካሳቫ ኬክ ነበር። ረፋዱ ላይ የሸለቆው ሰው ፈርዶ ጨርሷል፤ ገዳዩ ሠራተኛቸው ዡራንዲር ነው። በዋዜማው ሲጨቃጨቁ «አንድ ቀን ያገኙታል!» ሲላቸው ሰው ሰምቷል። ኢንስፔክተር ዙልሚራ ከከተማ ስትደርስ ዛፍ ላይ ታስሮ አገኘችው። ገመዱን ካጠበቁት አንዱ እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዙልሚራ አጭር፣ ወፍራም፣ ላብ የማይለያት ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን አያርፍም። ከሟቹ ልጅ ከዤኒቫልዶ ጋር መጋዘኑ ገባች።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚገኘው?»

«እኛ ቤትና ዡራንዲር ጋ ብቻ።»

«የአይጥ መርዝ ነው የገደላቸው። ታስቀምጣላችሁ?»

«ኧረ በጭራሽ! አይጡን የምትጨርስልን ዶንዶካ ናት።»

ዶንዶካ ከጣሪያው ሥር፣ ሣጥኗ ውስጥ ተጠቅልላ የተኛች ትንሽ ዘንዶ ናት። ፀሐይ ሲነካት ገላዋ የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። በእኛ ሸለቆ ካካዎ ያለው ሁሉ እንዲህ ያለች ዘንዶ ያሳድጋል፤ የተመረዘ አይጥ ከበላች ትሞታለችና መርዝ እቤቱ አያስገባም። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ ወድቆ የተገኘ ቁራሽ ያለ ጥርጣሬ ይበላል። ዙልሚራ ግን ከከረጢቶቹ ጀርባ ተንበርክካ የኬክ ፍርፋሪና ሦስት የሞቱ አይጦች አገኘች።

ወጥታ ዡራንዲርን ጠየቀችው። «ምን አጣላችሁ?»

«ዘንዶዋን እሁድ ለሰው እሰጣለሁ አሉኛ! ከጫካ አምጥቼ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ምራቴ ፈርታ እንቅልፍ አጣች አሉኝ። ተናድጄ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።»

«ሰሞኑን በልታለች?»

«አሥር ቀን አልፏታል። ቆዳዋን ልትቀይር ነው፤ ዓይኗ ነጥቶ የለ? አሁን ምን ቢሰጧት አትበላም።»

ምራትየዋ ሊንዳውራ የሳልቫዶር ከተማ ልጅ ናት። የሦስት ወር ሕፃኗን ታቅፋ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«መጋዘኑ ትገቢያለሽ?»

«እኔ? ያ አውሬ ያለበት? ባለፈው ሳምንት እኮ ዘንዶዋን በልጄ አልጋ ውስጥ ነው ያገኘኋት!»

«ባልሽ ምን አለ?»

«ሳቀ።»

ዙልሚራ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበችን።

«ሽማግሌውን ሊገድል ያሰበ ሰው ኬኩን ሳህናቸው ላይ ያደርገዋል እንጂ አይጥ በሚመላለስበት አይደብቀውም። የተቀመጠው ለአይጥ ነው። ግን ዶንዶካ እያለች መርዝ ምን አስፈለገ? የተፈለገችው ራሷ ዶንዶካ ናት፤ የተመረዘ አይጥ በልታ እንድትሞት። ዡራንዲር አይገድላትም፤ የተጣላው ስለ እሷ ነው። ዤኒቫልዶም እዚሁ ያደገ ነው፤ ዓይኗ የነጣ ዘንዶ አይጥ እንደማትነካ ያውቃል፣ በዚህ ሳምንት አይሞክረውም። ሽማግሌው የአይጡን ድርሻ አግኝተው በሉ። ይህን ሁሉ የማያውቅ እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ አለ።»

ሁላችንም ወደ በረንዳው ዞርን።

«እሳቸውን አልነበረም» አለች ሊንዳውራ። «እሳቸው ይወዱኝ ነበር። ሬሳቸውን ሳይ ወዲያው ገብቶኛል። ዡራንዲርን ሲያስሩትም በመስኮት አይቻለሁ። ልጄን ማን ያጠባልኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

ዡራንዲር ከገመዱ ተፈትቶ የእጁን ሰንበር ያሻል። «ዶንዶካ እሁድ እኮ ልትሄድ ነበር» አላት። «አልነገሩሽም?»

«ማን ይነግረኛል?»

ዤኒቫልዶ አንገቱን ደፋ። «አባባ ለእኔ ነግሮኛል። አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ። ስትፈራ ስለምታስቀኝ… እስከ እሁድ ትንሽ ልቀልድባት ብዬ ነው።»

ሊንዳውራ አየችው። ጡቷን አውጥታ ሕፃኑን አጠባች፤ እስኪጠግብ ሁላችንም ቆመን ጠበቅናት፤ ቀና ብሎ ያያት ግን ማንም አልነበረም። ሲጨርስ በረንዳው ላይ አስተኛችውና ተነሥታ እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች።

ዤኒቫልዶ መንገዱ ላይ ቆመ። «ኢንስፔክተር፣ እኔንም ይውሰዱኝ። እለምንዎታለሁ።»

«አንተ ሕፃኑን ያዝ» አለችው ዙልሚራ።