ክንድ ውስጥ የተቀበረ

አዋላጇ በጀርባዋ ተዘርራለች። ግንባሯ ተፈርክሷል፤ ደሟ ከአልጋው ስር አልፎ መጋረጃውን አርሶታል። የተመታችበት የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻ ብረት አጠገቧ ወድቋል። ሴቶች ከባል ተደብቀው የሚመጡባት ክሊኒክ ጠላት አታጣም፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ግን ያንገፈግፋል።

የፖሊስ ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ አስከሬኑን አይታ ቀና አለች። ወስፌ ጉዳይ ከያዘች ለአንድ ሰው ክፉ ቀን ነው።

«ከአዋላጇ ጋር ተጣልታችኋል አሉ፣ ዶክተር» አለችው የክሊኒኩን ባለቤት።

«በየቀኑ ነዋ። ባል ሳይፈቅድ አትሥሪ እላታለሁ፣ አትሰማኝም።»

«አባባ፣ እርስዎስ በሩ ላይ አልነበሩም?»

«ውሃ ልቀዳ ጓሮ ዞርኩ» አሉ ዘበኛው። «እኔን ይድፋኝ፣ ልጄ።»

የመጨረሻዋ ታካሚ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከጎን ባለው ማረፊያ ክፍል ተኝታ ነበር። መካኒክ የሆነው ባሏ ጩኸት ሰምቶ ከመንገድ እንደገባ ይናገራል። «ራሴን አመመኝ ብላ ነው የወጣችው። እዚህ ምን እንደተደረገላት አላውቅም።»

 ወስፌ ሴትዮዋን ለብቻ ወስዳ ውሃ ሰጠቻት፤ በግራ እጇ ተቀበለች።

«ምን ሰማሽ፣ እህቴ?»

«ምንም።»

«የመጣሽበትን ከመዝገቡ አይቻለሁ፤ በሁሉም ፊት ብናገር ትፈቅጂልኛለሽ? አጠገብሽ ነኝ።»

«እሺ» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ወስፌ ሁሉንም ማረፊያው ክፍል ሰበሰበች። «አዋላጇ ለዚህች እህታችን ክንዷ ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ቀብራላታለች» አለች ፍርጥ አድርጋ። «የትኛው ክንድ ይመስልሃል፣ ዶክተር?»

«ግራው ነዋ።»

«ሳታስፈቅጂኝ!» ባልየው ተወርውሮ የሚስቱን ቀኝ ክንድ ከእጅጌው ላይ ጨመደደ። ሴትዮዋ ጮኸች፤ እጅጌዋ በደም ራሰ። ዘበኛው አንገቱን አንቀው መሬት ላይ ጣሉት።

«የሚቀበረው ብዙ በማይሠራው ክንድ ነው» አለች ወስፌ ቁልቁል እያየችው። «ሐኪሙ ግራ ያለው ለዚያ ነው። ሚስትህ ግን ግራኝ ናት፤ አዋላጇም ቀኝ ክንዷ ውስጥ ቀበረችላት። እጅጌዋ ረጅም ነው፤ ፋሻው አይታይም። ምንም አላውቅም ያልከው አንተ ግን በቀጥታ ቁስሉን ያዝክ። አባባ ጓሮ ሳሉ ገብተህ ከመጋረጃው ኋላ አይተሃል። ሚስትህ ልታርፍ ስትወጣ አዋላጇን ‹አውጪው› አልካት። እምቢ አለችህ፤ ብረቱን አነሳህ።»

«ውሸት ነው! አንቺ፣ መንገድ ላይ ነበር በያት!»

ሚስቱ ክንዷን ይዛ ታለቅሳለች። «ግድግዳው ስስ ነው» አለችው። «‹ከሚስትህ በቀር ማንም አያስወጣውም› ብላ አዋላጇ ስትነግርህ ሰምቻለሁ። ብረቱንም ሰማሁት። እኔ አፌን አፍኜ ተኛሁ።»

ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ዶክተር፣ ቁስሉን ይሸፍኑልኝ። እንዳያወጡት ብቻ።»