ከግራና የመጣው ኮምፕሬሰር

የማን ልጅ ትሆን? እናቷስ አሁንም ደጅ ደጁን እያየች ይሆን?

ይህን ጥያቄ ስነሳም ስተኛም ራሴን እጠይቃለሁ። የሚያውቅ ካለ ልጄ ነው... እሱም አይናገርም።

ልጆቼ፣ ይህ ተረት አይደለም። ወላሂ፣ በገዛ ቤቴ፣ እዚሁ መርሳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የዙህር ሶላት ወቅት ነበር። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ አታሎኝ ነው እል ነበር። ግን ቀን ነው...

ዘይነባ እባላለሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ስልክ ላይ መጻፍ አያቅተኝም። በሰፈራችን ሴት ስትሞት የምጠራው እኔ ነኝ። አጥቤ፣ ከፍኜ እሸኛለሁ። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው።

ልጄ ሙስዐብ ከሳዑዲ ሲመለስ ኤሲ፣ የክፍል ማቀዝቀዣ፣ ይዞ መጣ። እሱ "ሙከየፍ" ነው የሚለው። መኝታ ቤቱ ውስጥ የገጠመው ለቅንጦት አልነበረም። የሁለት ዓመት ልጁ ናጅዋ ሙቀት አይስማማትም። የቆላው ወበቅ ሲነካት ገላዋ ይቆስላል፤ ስታክ፣ ስታለቅስ ታድራለች። ኤሲው ከገባ ወዲህ ነው ቁስሏ የሻረው።

ሰኔ ላይ ተበላሸ። በየትኛው ወር ይበላሽ መሰላችሁ!

"ኮምፕሬሰሩ ነው የተቃጠለው፣" አለ ሙስዐብ። "ልቡ በይው፣ እማ። ልቡ ከተቀየረ ሌላው ደህና ነው።"

"ማን ይቀይረዋል?"

"እኔ ነኛ! ጅዳ ሲሠሩ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የቀረውን ስልኬ ላይ አያለሁ።"

ሐራ ገበያ ሄዶ አንድ ጥቁር ብረት ታቅፎ መጣ። አሮጌ ነው። እንስራ የሚያህል ባይሆንም ክብደቱ ወገብ ያጎብጣል።

"ከየት የተነቀለ ነው?" አልኩት።

"ግራና አካባቢ ተዘግቶ ከኖረ ቤት። ሻጩ ጠንካራ ነው ብሎኛል። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ይሠራ ነበር አለኝ።"

"ሰው የሌለበት ቤት?"

"ኧረ እማ ደግሞ..."

ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ባዶ ቤት ለማን ብሎ ይቀዘቅዛል?

ግቢ ውስጥ ሳፋ አስቀመጠና ብረቱን ዘንበል አደረገው። የውስጡን አሮጌ ዘይት ሊያፈስ ነው። "ደህና ከሆነ እንደ ምግብ ዘይት ኩልል ብሎ ይወርዳል፣" አለኝ።

ኩልል አላለም።

ነጭ ነው። ወፍራም ነው። የበረደ ወጥ ላይ እንደሚረጋ ሞራ እየተቆራረሰ... ዱብ... ዱብ... አለ።

ከዚያ ሽታው መጣ።

አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። የሞተ አይጥ ሽታ አይደለም። የተቃጠለ ዘይትም አይደለም። ጣፋጭ ነው... ምላስ ላይ ይቀመጣል። ሳይቀበር የቆየ ገላ አጥቤ አውቃለሁ። ያ ሽታ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ሰኔ ነው፤ ግቢያችን በዝንብ ተወርሯል። ሳፋው ላይ ግን አንድ ዝንብ አላረፈም።

"እማ... ምን ገብቶበት ነው ይሄ?" አለ ሙስዐብ።

ከመዳቡ ቱቦ አፍ ጸጉር ወጥቷል። ረጅም፣ ጥቁር፣ እርጥብ ጸጉር። በፒንሳ ያዘው። ሳበው... ሳበው... አላለቀም። ጣቱ ላይ ተጠመጠመ።

"አይጥ ገብታበት ይሆናል፣" አለ።

"እንዲህ ያለ ጸጉር ያላት አይጥ?"

ምራቴ ነሲባ በር ላይ ቆማ ሳቀች። "ከኔ ጸጉር ይበልጣልሳ! ጣውንት አመጣህብኝ እንዴ፣ ሙስዐብ?"

ሦስታችንም ሳቅን። አላህ ይቅር ይበለን።

"ቅበረው፣" አልኩት ኋላ። "የሰው ጸጉር እንደ ቆሻሻ አይጣልም።"

"እሺ፣ እሺ።" ቆረጠው፤ በፌስታል ጠቅልሎ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው።

ውስጡን አጠበ፣ አዲስ ዘይት ሞላ፣ ቱቦዎቹን በየደ፣ ጋዝ ጨመረ። ሲያስነሳው ሠራ። ናጅዋ ያን ቀን ሳታክ ተኛች። "አላህ እጅህን ይባርከው" አልኩት። ከልቤ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ መኝታ ቤቱ መሽተት ጀመረ።

የሳፋው ሽታ አይደለም። ካፉር ነው... ካፉርና የቁርቁራ ቅጠል። ይህን ሽታ እናንተ ላታውቁት ትችላላችሁ። እኛ የሞተ ሰው ስናጥብ ውሃው ውስጥ የምንጨምረው ነው።

"እማ፣ ሞተሩ እኮ ውጭ ነው ያለው፣" አለኝ ሙስዐብ። "ከክፍሉ አየር ጋር አይገናኝም። ቱቦው ውስጥ ጋዝ ብቻ ነው የሚዞረው።"

"ታዲያ ሽታው በየት ገባ?"

"ካንቺ እጅ ይሆናላ!"

እጄን አሸተትኩ። ሳሙና ነው የሚሸተው። ደግሞ ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ማንም አልሞተም።

"ልጅቷን አውጧት፣" አልኩ።

"ወጥታ ትቁሰል?" አለች ነሲባ። እውነቷን ነው።

አሁን የምነግራችሁን ሳስበው ዛሬም ውሃ አንስቼ አፌን እጉመጠመጣለሁ።

መርሳ ውሃ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው። ኤሲ ደግሞ ውሃ ያንጠባጥባል። ነሲባ ያን ውሃ ዝም ብሎ ይፍሰስ አላለችም፤ ውሃው የሚወርድበት ጎማ ስር ጀሪካን አስቀመጠች። ናጅዋን ታጥብበታለች። እኔም ከሶላት በፊት እየታጠብኩ ውዱእ አደርግበት ነበር።

አንድ ቀን ለዙህር ውዱእ ሳደርግ ውሃውን አፌ ውስጥ አዞርኩት።

ዝልግልግ አለብኝ።

ተፋሁት። መዳፌ ላይ ስብ ቀርቷል፤ ነጭ፣ የሚያሟልጭ። ጥርሴ መሃል አንድ ነገር ተሰካ። በጣቴ ያዝኩት... ሳብኩት... ከጉሮሮዬ ድረስ እየተጎተተ መጣ።

ጸጉር።

እዚያው ተንበርክኬ አስታወክሁ። ስንት ቀን ነው የተጉመጠመጥኩበት? ስንት ቀን ነው ልጅቷ የታጠበችበት?

ቀና ስል አንድ ነገር ጆሮዬን ያዘው።

ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ጎማው ያንጠባጥባል። መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

ሮጬ ወደ መኝታ ቤቱ ገባሁ። ኤሲው ድምፅ የለውም። ክፍሉ ግን ይበርዳል... ትንፋሼ ይታየኝ ነበር።

ናጅዋ ተኝታለች። ጀርባዋን ለኔ ሰጥታለች።

ጸጉሯ ታጥቧል። ተበጥሯል። ተጎንጉኗል።

ሦስት ጉንጉን... ሦስቱም ወደ ኋላ ተደርገው ጀርባዋ ላይ ተኝተዋል።

"ነሲባ!" አልኩ በሹክሹክታ፣ ተከትላኝ ለገባችው። "ጸጉሯን ሠርተሽላታል?"

"እኔ? አልነካኋትም እኮ። ቅድም ሳያት አንቱ የሠሩላት መስሎኝ..."

"እኔ አልሠራሁም።"

"ታዲያ ማን ሠራት?"

ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አነሳኋት። ገላዋ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ትንፋሿን ስሰማ ጊዜ ነው የኔም ትንፋሽ የተመለሰው።

ሙስዐብ መጣ። "ደግሞ ምን ሆናችሁ?"

"ስማኝ፣" አልኩት ጆሮው ስር። "ሴት ስትሞት ካጠብናት በኋላ ጸጉሯን ሦስት ጉንጉን እናደርገዋለን። ሦስቱንም ወደ ኋላ እናስተኛዋለን። ይህን ወንድ አያየውም። ሚስትህም አስከሬን ነክታ አታውቅም። እዚህ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።"

"እማ..."

"እኔ አይደለሁም፣ ልጄ። ባለጸጉሯ ለቀብር እያዘጋጀቻት ነው።"

ሊከራከር አፉን ከፈተ። ከዚያ እጁን ሰደደና የልጁን ጉንጉን ነካ።

እጁን አሸተተ።

ፊቱ አመድ መሰለ። መፍቻውንና መቁረጫውን ይዞ ወጣ። የውጭውን ሳጥን ፈታ፤ ቱቦውን ቆረጠው። ሲቆረጥ ጋዙ በፉጨት ይወጣል ብሎኝ ነበር።

አላፏጨም።

እፎይ... አለ። አንዴ ብቻ። እንደ ሰው።

ሙስዐብ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን አፍ አየ። ምን እንዳየ አላውቅም። ሲዞር እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። ጸጉር የጣለበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ፌስታሉን በእጁ ቆፍሮ አወጣ።

ያኔ ገባኝ። ሟቿ ልጅቷን እንደ አስከሬን ያዘጋጀቻት፣ እሷን ራሷን አጥቦ የከፈናት ስለሌለ ነው።

ሳጥኔን ከፈትኩ። ከታች፣ ከሁሉም ልብስ ስር፣ ከፈኔ አለ። ሙስዐብ ራሱ ከመካ ያመጣልኝ፣ ለራሴ ቀን ያስቀመጥኩት ነጭ ጨርቅ ነው። አወጣሁት። አልሳሳሁም።

የነቀለውን ብረት ከነጸጉሩ ጠቀለልነው። ቢስሚላህ ብዬ ጫፍና ጫፉን አሰርኩት፤ እንደ ማንም ሴት ልጅ። ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር።

ነሲባ ናጅዋን ታቅፋ ጥግ ይዛለች። ልጅቷ ነቅታ ታለቅሳለች፤ ሙቀቱ ተመልሶባት ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። ያን ላብ ሳይ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ሙስዐብ የታሰረውን ነገር በሁለት ክንዱ አነሳው። "የት ልትወስዳት ነው?" አልኩት። ዞር ብሎም አላየኝም። በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ማዶ የጀብሪል ሱቅ በረንዳ ላይ ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ። እሱ ሲያልፍ ወሬያቸውን አቆሙ። ከዚያ አንድ በአንድ ተነሱ... ለጀናዛ፣ ለአስከሬን፣ እንደሚነሳው። ማንም ምንም አልነገራቸውም።

ልጄ ጫማ አድርጓል። ከኋላው ግን፣ በደረቁ አቧራ ላይ፣ የባዶ እግር ዱካ ይታተም ነበር። ትንንሽ። እርጥብ። ሳይቸኩል እየተከተለው...